የጠመንጃ ጥንካሬ በገላው አሠራር ስለ መታወቁ

በሮብ ገበያና በአካባቢዋ፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር፣ ጠመንጃ ከጥንት ጀምሮ የክብር ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ውጅግራና ምንሽር የሚባሉት ስሞች ከፈረንሳዩ ግራስና ከኦስትሪያው ማንሊኸር የመጡ ሲሆኑ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የአርበኝነት ዘመን በጎጃም እጅግ የታወቁ ነበሩ። ይሁን እንጂ የሰደፉን ማማርና የአፈሙዙን መወልወል እያዩ ዋጋ መስጠት የብረትን ነገር ለማያውቅ ሰው የተለመደ ስሕተት ነው። የመሣሪያው ዕድሜና የተኳሹ ደኅንነት በይበልጥ የሚወሰነው በአፈሙዙና በሰደፉ መካከል ባለው፣ ጥይቱ በሚጎርስበትና ቀለሃው በሚወጣበት የብረት ክፍል ነው። ይህም ክፍል በዚህ ጽሑፍ ገላ ተብሎ ይጠራል።

ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ማለት ምላጩ አንድ ጊዜ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ፣ ከዚያም በባሩዱ ኃይል ቀለሃውን አውጥቶ ተከታዩን ጥይት ራሱ የሚያጎርስ ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1936 የተቀበለውና በኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የታጠቀው ኤም ዋን ጋራንድ የዚህ ወገን ነው። በእንደዚህ ያለው መሣሪያ መዝጊያው በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ ኋላና ወደ ፊት በኃይል ስለሚመላለስ፣ ገላው በእጅ ከሚያጎርሱት ጠመንጃዎች ይልቅ ብዙ ድካም ይሸከማል።

የገላው አሠራር በሦስት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላል።

አንደኛው፣ ብረቱ በእሳት ግሎ ከተቀጠቀጠ በኋላ በመኪና ተፈልፍሎ የሚወጣው ነው። የጋራንድና የሩሲያው ሲሞኖቭ ገላ እንደዚህ የተሠራ ነው። መቀጥቀጡ የብረቱን ውስጣዊ አካል ስለሚያጠባብቀው ጥንካሬው የታመነ ነው። ጉዳቱ ክብደቱና ዋጋው ነው፤ ከመጀመሪያው ብረት ብዙው ክፍል ተፈልፍሎ ይጣላልና።

ሁለተኛው፣ ከላሜራ ተጨፍልቆና ተጣጥፎ የሚሠራው ነው። የካላሽኒኮቭ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1949 ሲጀመር ገላው ከላሜራ ነበር፤ ነገር ግን በፋብሪካው ውስጥ እየተበላሸ የሚጣለው ስለ በዛ ለጥቂት ዓመታት ወደ ተፈለፈለ ብረት ተመልሶ ነበር። የጭፍለቃው ጥበብ ከተሻሻለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1959 ኤኬኤም የተባለው ወጣ፤ ላሜራው 1 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ መሣሪያውም ከቀድሞው ቀላል ሆነ። ከዚህ የተነሣ ላሜራ ሁሉ ደካማ ነው ማለት አይገባም። መዝጊያው የሚቆለፈው በላሜራው ላይ ሳይሆን፣ ከፊት በሪቬት በተያያዘው ወፍራም የብረት ድጋፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ ዓይነት መሣሪያ መመርመር ያለበት ድጋፉና ሪቬቱ ነው።

ሦስተኛው፣ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈስሰው ነው። የአሜሪካው ሩገር ኩባንያ ሚኒ 14 የተባለውን ጠመንጃ በዚህ አሠራር ይሠራል። በጥንቃቄ የፈሰሰ ብረት መልካም አገልግሎት ይሰጣል፤ ያለ ጥንቃቄ የፈሰሰው ግን በውስጡ ዓይን የማያየው የአየር ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል።

ከአሠራሩ ሌላ ብረቱን በእሳት የማጠንከሩ ሥራ አለ፤ ይህም ከሁሉ ይበልጣል። የአሜሪካው ስፕሪንግፊልድ 1903 ጠመንጃ ገላው የተቀጠቀጠ ብረት ነበር፤ ሆኖም ሠራተኞቹ የእሳቱን ሙቀት በብረቱ ቀለም ብቻ በዓይናቸው ይለኩ ስለ ነበረ፣ ፀሐይ በበራችበት ቀን ብረቱን ያለ ልክ ያግሉት ነበር። ከመጠን በላይ የጋለውም ብረት እንደ ሸክላ ተሰባሪ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 አንዳንዶቹ በተኳሾች እጅ ፈነዱ። በዚያ ፋብሪካ ከተሠሩት ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑት እስከ ዛሬ አደገኛ ተብለው ይቆጠራሉ። መልኩ ያማረና አሠራሩ የተመሰገነ ዕቃ እንኳ ገዳይ ሊሆን እንደሚችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

በምርመራ ጊዜ አስቀድሞ ጥይቱ በሙሉ መውጣቱ መረጋገጥ አለበት። ከዚያም መዝጊያው በእጅ ሲሳብ ሳይንቀጫቀጭና ሳይነክስ መሄዱ፣ ሪቬቶቹ አለመላላታቸው፣ በመቆለፊያው አጠገብ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለመኖሩ፣ ዝገቱ ብረቱን አለመቦርቦሩ ይታያል። የብየዳ ምልክት ያለበት፣ ወይም በአዲስ ቀለም የተሸፈነ አሮጌ ገላ ሊጠረጠር ይገባል። በውጭ በኩል የሚታይ የመፈልፈያ ጭረት ግን መልክን እንጂ ጥንካሬን አይነካም። የመዝጊያውን ልክ የመለካቱ ሥራ ደግሞ መለኪያ ላለው የመሣሪያ ባለሙያ የሚተው ነው።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ሕግን ለጠበቀ ሰው ነው። ጠመንጃ እንደ ጨርቅና እንደ ጤፍ ያለ ሸቀጥ አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ ወደ አገር ማስገባትንና መነገድን ይከለክላል። በገላው ላይ የተቀረጸው ቁጥር የተፋቀበት መሣሪያም የቱንም ያህል ቢረክስ ከእጅ ሊገባ አይገባውም።

በጠመንጃ የማይነግደው ባለ ሱቅም ከዚህ የሚያተርፈው አለ። መጥረቢያው፣ ቁልፉና የወፍጮው ማርሽ የሚሠሩት በእነዚሁ መንገዶች ነው፤ ተቀጥቅጠው፣ ተጨፍልቀው ወይም ፈስሰው። ስለዚህ አስመጪ ለፋብሪካ ትእዛዝ በጻፈ ጊዜ የዕቃውን ስምና ዋጋ ብቻ ሳይሆን አሠራሩንና የማጠንከሪያውን ሁኔታ በጽሑፍ ቢጠይቅ፣ በኋላ ከደንበኛው ጋር ከመከራከር ይድናል።