ፍልፈል የሚወደው አፈር

ሐዋሳ አካባቢ ባሉት የቱላ የገጠር ቀበሌዎች፣ ከቤት ጀርባ ባለው የእንሰት ጓሮ ማለዳ ላይ አዲስ የአፈር ቁልል ከታየ ከሥሩ ማን እንዳለ መጠየቅ አያስፈልግም። ቁልሉ እርጥብና ልል ነው፤ ቀዳዳ ግን የለውም። ፍልፈል አፈሩን አውጥቶ ሲጨርስ በሩን ከውስጥ ይደፍናል።

ብዙ ሰው ፍልፈልን የቤት አይጥ ወንድም ያደርገዋል። ዝምድናቸው ግን ሩቅ ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹ እስያ ውስጥ ቀርከሃ ሥር የሚኖሩት የቀርከሃ አይጦች ናቸው። ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ በ1835 እ.ኤ.አ. የገለጸው ናሙና የተገኘው ጎንደር አጠገብ ከደንቢያ ነበር። ሰውነቱ ድቡልቡል፣ ጅራቱ አጭር ነው። ዓይኑም ትንሽ ናት፤ ዕውር ነው የሚሉት ግን ሐሰት ነው፣ ያያል። ግልገሉ ፀጉረ ጥቁር ነው፤ ሲያድግ አብዛኛው ወደ ቀላ ያለ ቡናማ ይለወጣል። እንደ ቤት አይጥ በየጊዜው ብዙ አይፈለፍልም፤ አንዴ የሚወልደው አንድ ወይም ሁለት ነው።

በባሌ ተራሮች ደግሞ ከእርሱ እጅግ የሚበልጥ ዘመድ አለው። በዚያው በሳነቴ አምባ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ ይኸው ትልቁ ፍልፈል ነው። ሰውም በልቶታል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት እዚያው ባሌ ባለው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ከ30 ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ የኖሩ ሰዎች ጠብሰው የበሉትን የፍልፈል አጥንት በብዛት አግኝቷል።

የፍልፈል ዶማ ጥፍሩ ሳይሆን ጥርሱ ነው። ረጃጅሞቹ የፊት ጥርሶች ከከንፈሩ ውጭ ቀርተዋል፤ ከንፈሩ ከጥርሶቹ በስተኋላ ስለሚገጥም መሬቱን እየነከሰ ሲሄድ አፈር አይውጥም። የነከሰውን በእግሩ ወደ ኋላ ይልካል፤ ከዚያ ዞሮ በጉንጩና በአንድ የፊት እግሩ እየገፋ ወደ ላይ ያወጣዋል። ጎረቤት አይወድም፤ እያንዳንዱ በየዋሻው ለብቻው ይኖራል።

ለእንዲህ ያለ ኑሮ ሁሉም አፈር አይሆንም። አሸዋማው ይናዳል፣ ዋልካው በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ውሃ የሚያቁር ሜዳ ላይማ ዋሻው ይጥለቀለቃል። ለፍልፈል የሚስማማው እርጥበት የሚይዝ፣ ትርፉን ውሃ ግን የሚያሳልፍና ሲቦረቦር ጣሪያው የማይወርድ አፈር ነው። በውጭ አገር አይጥ በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ፤ ለእንስሳቸው መቆፈሪያ ሳጥን ሲያዘጋጁ የሚፈልጉት አፈር ከዚህ ብዙም አይርቅም። አንድ ነገር ብቻ ይጨምራሉ፦ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ያልነካው ይሁን ይላሉ። ልክ ናቸው፤ አይጥ የቆፈረውን ከፀጉሩ ላይ ይልሰዋል። እኛ አገር የሚሞክር ቢኖር ከመንገድ ዳር፣ መድኃኒት ከተረጨ ማሳ ወይም ማዳበሪያ ከገባበት የችግኝ አፈር አይውሰድ። ያገኘውን በትንሹ አርጥቦ በመዳፉ ይጨብጠው፤ ሲለቀው ቅርጹን ከያዘ፣ በጣት ሲነካው ደግሞ ከተበተነ ለመቆፈር ምቹ ነው።

የቱላ የእንሰት ጓሮ ይህን የመዳፍ ፈተና በቀላሉ ያልፋል። የሐዋሳ ዙሪያ አፈር ከጥንት እሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ የመጣ ስለሆነ በተፈጥሮው ቀላል ነው። በዚያ ላይ እናቶች ዓመት ከዓመት እበትና ጥራጊ ይደፉበታል፤ የእንሰቱ ቅጠልም ጥላ ሆኖ እርጥበቱን ያቆያል። ለእንሰቱ ተብሎ የተለፋበት አፈር ለፍልፈሉም ተዘጋጀ ማለት ነው፤ ምግቡም እዚያው ነው።

ፍልፈል የሚበላው አሚቾውን፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለውን የእንሰቱን ክፍል፣ ከታች ነው። እንሰት ለምርት የሚደርሰው በዓመታት ስለሆነ አንድ ግንድ መጥፋቱ የዓመታት ልፋት መጥፋቱ ነው። ክፋቱ ደግሞ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ብዙዎች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት የእንሰት አጠውልግ በሽታን ነው። መለያው ቀላል ነው። የበሽታው ከሆነ የቅጠሉ ዘንግ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። የፍልፈል ከሆነ ፈሳሹ የለም፤ ግንዱ ሲገፋ ይነቃነቃል፣ ሥሩ ተቦርቡሮ ይገኛል። ይህን ሳይለዩ ጤነኛ እንሰት በበሽታ ስም ነቅሎ መጣል ከፍልፈሉ ጉዳት የባሰ ነው።

ጥፋተኛው ፍልፈል መሆኑ ከታወቀም፣ የአይጥ መርዝ፣ በተለይ ዚንክ ፎስፋይድ፣ ዶሮ በሚጭርበት፣ ጥጃ በሚታሰርበትና ልጆች በሚጫወቱበት ጓሮ ቦታ ሊኖረው አይገባም። ወጥመዱ ይሻላል፤ ዋሻው ይከፈትና ከጎበጠ እንጨት ጋር የታሰረ የሽቦ ሸምቀቆ ይገባበታል። ፍልፈል ብርሃንና ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ አይታገሥም፤ ሊደፍነው አፈር እየገፋ ሲመጣ ማስፈንጠሪያውን ይነካል፣ እንጨቱም ቀና ሲል ሸምቀቆው ይጠብቅበታል። የሚጠመደው ግን ቁልሉ ላይ አይደለም። በሁለት አዳዲስ ቁልሎች መካከል ሹል እንጨት እየሰኩ መሄድ ነው፤ እንጨቱ በድንገት ዘው ያለበት ቦታ ዋናው መተላለፊያ ነው።