የወይን ተክል በቀን ስንት ሊትር ውኃ ይበቃዋል?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በምትገኘው በባቱ (ዝዋይ) ከተማ አቅራቢያ ለወይን ጠጅ የሚሆን የወይን እርሻ አለ። በአካባቢው ዝናብ በአመዛኙ የሚጥለው በክረምት በመሆኑ ተክሉ በጋውን የሚሻገረው በመስኖ ነው። የዝዋይ ሐይቅን ውኃ ደግሞ አበባ አምራቹም፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬም፣ የከተማው ነዋሪም ይፈልገዋል፤ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ይወርዳል። የአብጃታ ዳርቻ ምን ያህል እንደሸሸ ላስተዋለ ሰው የርዕሳችን ጥያቄ የጠጅ ፋብሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስሌቱ የሚጀምረው ከአየሩ ነው። ከፀሐይ ጨረር፣ ከሙቀት፣ ከእርጥበትና ከነፋስ ፍጥነት ተነሥተን፣ ውኃ ያልጎደለበት አጭር ሣር በቀን የሚያጣውን ውኃ በሚሊ ሜትር እናሰላለን። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው መመሪያ ለዚህ የመረጠው የፔንማን-ሞንቲዝን ቀመር ነው። ወይን ግን ሣር አይደለም፤ በረድፍ ስለሚተከል በመካከሉ ባዶ መሬት ይቀራል። ስለዚህ ውጤቱ በሰብሉ አባዢ ቁጥር ይባዛል። መመሪያው ለጠጅ ወይን በዕድገቱ መጀመሪያ 0.30፣ በመካከሉ 0.70፣ በመጨረሻው 0.45 ይሰጣል።

እነዚህ አማካይ ቁጥሮች ናቸው፤ የረድፉን ስፋትና የቅጠሉን ብዛት አያውቁም። በእኛ አስተያየት የሚሻለው ጥላን መለካት ነው። በካሊፎርኒያ ላይሲሜትር በተባለ ከመሬት በታች በተቀበረ ሚዛን ላይ የበቀሉ ወይኖችን ያጠኑት ዊሊያምስና አያርስ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳወቁት፣ በቀትር ጥላ ያረፈበት መሬት በመቶኛ ተሰልቶ በ0.017 ቢባዛ አባዢው ይገኛል። ሜትር የያዘ ተማሪ ሁሉ ሊሠራው የሚችል ነው!

ለምሳሌ በረድፎች መካከል 2.5 ሜትር፣ በተክሎች መካከል 1.5 ሜትር ቢኖር የአንዱ ተክል ድርሻ 3.75 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጥላው 1.2 ካሬ ሜትር ከሆነ 32 በመቶ ነው፤ አባዢው 0.54 ይሆናል። ሣሩ በቀን 5 ሚሊ ሜትር የሚያጣ ከሆነ ወይኑ 2.7 ሚሊ ሜትር ያጣል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት 1 ሊትር ስለሆነ፣ ለአንድ ተክል ወደ 10 ሊትር ይደርሳል። ከሚለቀቀው ውኃ 90 በመቶው ለሥሩ በሚደርስበት የጠብታ መስኖ 11 ሊትር ያህል መልቀቅ ይገባል፤ ዝናብ ከጣለ ይቀነሳል።

ይህ ሙሉ ፍላጎቱ ነው። ለቀይ ጠጅ ግን ፍሬው ከያዘ በኋላ ቀለም እስኪለውጥ ድረስ ውኃውን በልክ መቀነስ ይመረጣል፤ ፍሬው ሲያንስ ቀለም የሚሰጠው ልጣጭ ከጭማቂው አንጻር ይበዛልና። ለገበታ የሚቀርብ ወይን የሚያመርት ገበሬ ይህን ቢከተል ትልልቅ ፍሬዎቹን ያጣል።