«ገበሬ» ስድብ ነውን? የአንድ ቃል ሥርና ታሪክ

በስደትም ሆነ በአገር ቤት «አንተ ገበሬ!» ሲባል ትሰማላችሁ። ያልሠለጠነ፣ ከተማ ያልገባው ለማለት ነው። ቃሉን ከሥሩ ብንመረምረው ግን ስድብነቱ ይቀርና የአገራችንን የሥልጣን ታሪክ ይነግረናል።

ሥሩ የግእዙ «ገብረ» ነው፤ ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። «ተግባር»፣ «ምግባር»፣ «ግብረ ገብ» ከዚሁ የወጡ ናቸው። የሐዋርያት ሥራ የምንለው መጽሐፍም በግእዝ «ግብረ ሐዋርያት» ይባላል። ስለዚህ ገበሬ በመሠረቱ ሠሪ ማለት ነው።

ከዚያው ሥር ግን «ግብር» የሚለውም በቅሏል። ሥራ ግብር ነው፤ ለመንግሥት የሚከፈለው ግብር ነው፤ መኳንንቱ በአዳራሻቸው የሚያበሉት ድግስም ግብር ነው። ልብ በሉ! አንዱ የሠራው፣ የከፈለውና ሌላው የበላው በአንድ ቃል ተጠራ። ከፋዩም «ገባር» ተባለ። በተለይ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ገባሩ ከእህሉ ሌላ ጉልበቱን ጭምር ለተመደበበት ሹም ወይም ወታደር ይሰጥ ነበር። መሬት የሌለው «ጭሰኛ» ደግሞ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አደባባይ ሲወጡ መፈክራቸው «መሬት ላራሹ» ነበር። አራሽ የሚለው ቃል ግብርን አያነሳም፤ የሚያነሳው ሞፈር መጨበጥን ብቻ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ አንድ ቤተሰብ የሚይዘውንም መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ግብር ተቀባዩ ባላባት ሄደ፤ መሬቱ ግን በመንግሥት እጅ ገባ።

ዛሬ የመንግሥት አጠራር «አርሶ አደር» ነው፤ አርሶ የሚያድር፣ በእርሻው የሚኖር ማለት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አርሶ አደሩ ከመሬቱ እንዳይነቀል መብት ይሰጠዋል፤ መሬት መሸጥን ግን ይከለክላል።

እንግዲህ መጠየቅ ያለብን ይህን ነው፦ ስሙ ሲከበር ሰውየውስ ተከብሯል? ያለ በቂ ካሣ ከእርሻው የተነሳ ሰው «አርሶ አደር» መባሉ ምን ይፈይድለታል? አርሶ የሚያድርበት ከሌለው ስሙ ባዶ ነው።

«ገበሬ» ብሎ የሚሳደብ ስትሰሙም ትርጉሙን ንገሩት። ሠሪ ማለት ነው፤ የበላነውን ያበቀለ።