በጎረቤታሞች መካከል የሚሠራን የድጋፍ ግንብ ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው?

በመካነ ኢየሱስም ሆነ በሌሎች የደቡብ ጎንደር ከተሞች፣ ተዳፋት በሆነ ይዞታ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ቦታውን ለማስተካከል አፈር ይቆርጣል ወይም ይሞላል። ክረምት ገብቶ አፈሩ ውኃ ሲጠጣ፣ በላይኛውና በታችኛው ጎረቤት መካከል የድጋፍ ግንቡን ማን ይሥራ የሚል ክርክር ይነሣል።

ብዙዎች ወጪው እኩል መከፈል አለበት ብለው ያምናሉ። ሕጉ የሚመለከተው ግን የወሰኑን መስመር ሳይሆን የመሬቱን አቀማመጥ የለወጠውን ሰው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2069፣ የመሬትን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። በመሆኑም የታችኛው ባለይዞታ ለቤቱ መሠረት ሲል ተዳፋቱን ከቆረጠ፣ የግንቡን ወጪ መሸፈን የሚገባው እርሱ ነው፤ ግንቡ ደግፎ የሚይዘው የላይኛውን ግቢ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። የላይኛው አፈር ሞልቶ ግቢውን ከፍ ካደረገ ደግሞ ወጪው ወደ እርሱ ይዞራል።

ማንም ያልነካው ተዳፋት ከሆነ ጉዳዩ የስምምነት ነው። ስምምነቱ በሽማግሌዎች ፊት ቢደረግም በጽሑፍ ሰፍሮ ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮች ቢፈርሙበት ይመረጣል፤ የድንጋዩና የሲሚንቶው ብቻ ሳይሆን የውኃ ማስወጫ ቀዳዳውና የወደፊት ጥገናው ወጪም ይጠቀስበት።

ያዘመመ ግንብ የሚያሠጋው ጎረቤት እስኪፈርስ መጠበቅ የለበትም። ከሕንፃ የሚመጣ አደጋን የሚመለከተው ቁጥር 2078፣ ባለቤቱ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ጉዳት ከደረሰ የካሳ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት፣ ሽምግልናው ሲራዘም ቀኑን መቁጠር የተጎጂው ፈንታ ነው።