ለይፋት ቆላና ቁልቁለት የሚስማማ የቢስክሌት ፍሬንና መንኰራኵር አመራረጥ

በይፋት ቆላ የሚያገለግል የግብርና ሠራተኛ በጊዜው ካልደረሰ ድካሙ ከንቱ ነው። ሽንኩርቱን ወይም ማሾውን ተባይ የያዘበት ገበሬ ምክር የሚሻው በዚያው ቀን ነው እንጂ በሳምንቱ አይደለምና። ስለዚህ ለሠራተኛው ቢስክሌት መስጠት መልካም አሳብ ነው። ነገር ግን ቢስክሌቱ ለአገሩ የማይስማማ እንደ ሆነ የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ በመጋዘን ዝጎ ይቀራል፤ ከዚህም የሚከፋው፥ ፍሬኑ የከዳው ሰው በቁልቁለት ሕይወቱን ያጣል። ግዢ የሚያዙ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ይህን አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ በ1,280 ሜትር ያህል ላይ ስትገኝ፥ ደብረ ሲና ከ2,600 ሜትር በላይ ናት። በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በተሠራው የጣርማ በር ዋሻ በኩል የሚያልፈው መንገድ ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ብቻ ከ1,300 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሰውየውና ጭነቱ ከነቢስክሌቱ 90 ኪሎ ቢመዝኑ፥ ከዚህ ቁልቁለት የሚወጣው ኀይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋስ ቢወስደውም የቀረውን የሚሸከመው ፍሬኑ ነው። እንግዲህ ፍሬን ሲመረጥ ማቆሙ ብቻ ሳይሆን ሙቀት መቻሉም ይመረመራል።

ይህን ነገር ሌሎችም በሥራ አይተውታል። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፥ በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ (እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በጥቅምት 1976) የተራራ ቢስክሌት እሽቅድምድም የተጀመረበት አንድ ቁልቁለት አለ። ርዝመቱ ከሦስት ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ፥ ጥልቀቱም 400 ሜትር ያህል ነው። ጋላቢዎቹ ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዝ ፍሬን ስለ ነበራቸው፥ በሙቀቱ ግራሶው እየጨሰ ያልቅ ነበርና ከወረዱ በኋላ እንደ ገና ይሞሉት ነበር። የቦታውም ስም ከዚሁ ወጣ። የኛው ቁልቁለት ግን ከዚያ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ፍሬን በቀወት ሜዳ ቢያገለግልም ለደብረ ሲና መንገድ አይታመንም።

የቀሩት ፍሬኖች ሦስት ናቸው። አንደኛው በጎማ ቸርኬውን የሚይዘው ነው። ዋጋው ርካሽ፥ ጥገናውም ቀላል ነው፤ ነገር ግን የመረሬ ጭቃና አሸዋ ቸርኬውን ይበላዋል፤ በረዥም ቁልቁለትም ቸርኬው ግሎ ከመነዳሪውን ሊያፈነዳ ይችላል። ሁለተኛው በዘይት ግፊት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ነው። ኀይሉ ብርቱ ነው፤ ሆኖም የታዘዘለትን ዘይት ብቻ ይፈልጋል፤ ሌላ ዓይነት ቢጨመርበት የውስጥ ጎማዎቹ ይበላሻሉ። ሦስተኛው በካቦ የሚሳብ የዲስክ ፍሬን ነው። ኀይሉ ከሁለተኛው ጥቂት ቢያንስም፥ ካቦው ቢበጠስ በትንሽ ገንዘብ ተገዝቶ በመንደር ይለወጣል። ለወረዳ ሥራ የሚመረጠው ይህ ነው። የፊቱ ዲስክ 180 ሚሊሜትር፥ የኋላው 160 ሚሊሜትር ቢሆን፥ ሸራውም ከተጋገረ የብረት ዱቄት የተሠራ ቢሆን ሙቀትንና ጭቃን ይችላል። የሸራው ውፍረት ከ1 ሚሊሜትር ሲያንስ ሳይዘገይ ይለወጥ።

ስለ መንኰራኵር፦ ቸርኬው ድርብ ግድግዳ ያለው አሉሚኒየም፥ ሽቦዎቹም የማይዝጉና በቍጥር 36 ቢሆኑ ጭነትን ይችላሉ። ሽቦው ባነሰ መጠን አንዱ ሲሰበር ቸርኬው ቶሎ ይጣመማል። የጎማው ስፋት ከ50 ሚሊሜትር ባያንስ፥ የግራር እሾህ እንዳይዘልቀውም ወፍራም ቢሆን ይሻላል። ቫልቮላው የመኪና ዓይነት ይሁን፤ በየጋራጁ ባለው መንፊያ ይነፋልና። ወንዝ የሚሻገር መንኰራኵር ግራሶው ስለሚታጠብ፥ ክረምት ሲያልፍ በመስከረም እምብርቱ ተፈቶ ኩሽኔታው ይጽዳ፥ አዲስ ግራሶም ይቀባ።

በግዢ ጊዜ ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ መመልከት ጉዳት ያመጣል። ከላይ የተነገረው ሁሉ በጨረታው ወረቀት በመጠንና በቍጥር ይጻፍ። ብዙ ከመረከብ በፊት አንዱ ብቻ መጥቶ ብልህ ጋላቢ በቀስታ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ያውርደው፤ ከዚያም ሸራው፥ ካቦውና ሽቦው ይመርመር። ለእያንዳንዱ ቢስክሌት ትርፍ ሸራ፥ ሁለት ካቦ፥ ዐሥር ሽቦና ሁለት ከመነዳሪ አብሮ ይገዛ። በከተማው ካሉት ጠጋኞች አንዱ ሥራውን እንዲማር ይደረግ።

ለጋላቢውም ትእዛዝ ይሰጠው፦ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ይዞ አይውረድ፤ በሁለቱም ፍሬኖች አጥብቆ ይዞ ይልቀቅ፤ ሲግልበት ቆሞ ያብርደው፤ ዲስኩን በእጁ አይንካ፥ ዘይትም አያስነካው። ጠዋት ሳይነሣ ፍሬኑን ይሞክር። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ እንደ ተባለ፥ የላላ ካቦ በደብረ ሲና ይጠበቃል እንጂ በገደሉ አፋፍ አይጠበቅም።