ከጉበት ንቅለ ተከላ በኋላ የሚከሰት ኢንፌክሽን

የጉበት ንቅለ ተከላ የተደረገለትን ሰው፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሕይወቱን ከሚያሰጉት ነገሮች አንዱና ዋነኛው ኢንፌክሽን ነው። መነሻው ሕክምናው ራሱ ነው። ሰውነት አዲሱን ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠፋው በሽታ የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት ይዳከማል፤ የተዳከመ ሰውነት ደግሞ ለባክቴሪያ፣ ለቫይረስና ለፈንገስ ይጋለጣል። መድኃኒቱ ሲያንስ ጉበቱ ይጎዳል፤ ሲበዛ ኢንፌክሽን ይበረታል። የንቅለ ተከላ ሕክምና ታሪክ በአብዛኛው የዚህን ልክ የመፈለግ ታሪክ ነው።

በሰው ላይ የመጀመሪያው የጉበት ንቅለ ተከላ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ፣ በቀዶ ሐኪሙ ቶማስ ስታርዝል ነበር። ታካሚው በቀዶ ሕክምናው ላይ ሳለ አረፈ። ከዓመት በላይ የኖረ ታካሚ የተገኘው በ1967 ከተደረገው ንቅለ ተከላ በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ጉበቱ እንዳይጠፋ የመከላከል አቅምን የሚያዳክመው ስቴሮይድ በከፍተኛ መጠን ይሰጥ ስለነበር ብዙዎች በኢንፌክሽን ሞቱ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሳይክሎስፖሪን፣ በ1989 ደግሞ በፒትስበርግ ታክሮሊመስ የተባሉት፣ ለዚሁ ዓላማ የሚሰጡ መድኃኒቶች ሥራ ላይ ሲውሉ የስቴሮይዱን መጠን መቀነስ ተቻለ፤ በሕይወት የሚቆዩት ታካሚዎች ቁጥርም በእጅጉ ጨመረ።

ጉበት የሚተከልበት ሁኔታ ለኢንፌክሽን የሚያጋልጥባቸው የራሱ ምክንያቶች አሉት። በሲሮሲስ (በጉበት ጠባሳ) የቆየ ሰው ወደ ቀዶ ሕክምናው የሚገባው አቅሙ ተሟጦ፣ ብዙ ጊዜም ሆዱ ውስጥ ውሃ አጠራቅሞ ነው። ቀዶ ሕክምናው ሰዓታት ይፈጃል፤ ብዙ ደም መስጠትም ሊጠይቅ ይችላል። ከሁሉም በላይ ስስ የሆነው የሐሞት ቱቦው መጋጠሚያ ነው። ቱቦው ካፈሰሰ ወይም ከጠበበ፣ የአንጀት ባክቴሪያ ሐሞቱን ይበክላል። ወደ ጉበት ደም የሚያደርሰው አርተሪ በረጋ ደም ከተዘጋ ደግሞ፣ የሐሞት ቱቦዎቹ ደም አጥተው ይሞታሉ፤ ጉበቱም መግል ይቋጥራል።

ሐኪሞች የኢንፌክሽኑን ዓይነት ለመገመት በቅድሚያ የሚያዩት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለፈውን ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ወር የሚበዙት ከቀዶ ሕክምናውና ከሆስፒታል ቆይታው የሚመጡት ናቸው፤ የቁስል መመርቀዝ፣ በሆድ ውስጥ የሚቋጠር መግል፣ የሳንባ ምች፣ በደም ሥርና በሽንት ቱቦ በገቡ ካቴተሮች የሚገባ ባክቴሪያ፣ እንዲሁም ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ። እዚህ ላይ ትልቁ ሥጋት መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ነው፤ ጠንካራ የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች የሚቋቋም ክሌብሲየላ ደም ውስጥ ከገባ ለሐኪሙ የሚተርፉት አማራጮች ጥቂት ናቸው።

ከመጀመሪያው ወር እስከ ስድስተኛው ያለው ጊዜ መድኃኒቱ የመከላከል አቅምን አጥብቆ የሚጫንበት ነው። በሰውነት ውስጥ አድፍጠው የኖሩ ተህዋስያን የሚነሡትም ያኔ ነው። ቀዳሚው ሳይቶሜጋሎቫይረስ ነው። ለጋሹ ቫይረሱ ኖሮበት ተቀባዩ ፈጽሞ ካልተያዘ አደጋው ከሁሉም ይከፋል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ ቫልጋንሲክሎቪር የተባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይሰጠዋል። ኒውሞሲስቲስ የተባለውን የሳንባ ምች ለመከላከል የሚሰጠው፣ በኤችአይቪ ሕክምና የሚታወቀው ኮትሪሞክሳዞል ነው። ከስድስት ወር በኋላ የመድኃኒቱ መጠን ስለሚቀንስ፣ ጉበቱ ደህና የሆነለትን ሰው የሚይዘው ማንንም የሚይዝ ጉንፋን ወይም የሳንባ ምች ይሆናል፤ ሕመሙ ግን ሊጠናበት ይችላል።

የድሮው ጉበት የተበላሸበት ቫይረስም ወደ አዲሱ ሊዛመት ይችላል። ሄፓታይተስ ሲ በደሙ ውስጥ እያለ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው አዲሱ ጉበቱም መያዙ የማይቀር ነበር። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ የወጡት፣ ቫይረሱን በቀጥታ የሚያጠቁ እንክብሎች አብዛኞቹን ታካሚዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ይፈውሳሉ። ሄፓታይተስ ቢን ግን ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ሳያቋርጡ በመውሰድ ማፈን እንጂ ማጥፋት ገና አልተቻለም።

ትውልዳቸው ወይም ዕድገታቸው ኢትዮጵያ ውስጥ ለሆነና በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በሌላ አገር ለሚታከሙ ሰዎች የቅድመ ንቅለ ተከላ ምርመራው ሁለት ነገሮችን ማካተት አለበት። አንዱ በሰውነት ውስጥ ያደፈጠ ቲቢ ነው። ቲቢው ከንቅለ ተከላው በኋላ ከተነሣ ሕክምናው ይወሳሰባል፤ የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ በጣም ያወርዳል፤ ሌላው የቲቢ መድኃኒት አይሶኒያዚድ ደግሞ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው ስትሮንጂሎይድስ ነው። ከአፈር በባዶ እግር በኩል የሚገባው ይህ ትል ምልክት ሳያሳይ ለአሥርት ዓመታት አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ስቴሮይድ ሲጀመር ግን ወደ ሳንባና ወደ ሌሎች አካላት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። አስቀድሞ ከተገኘ፣ በኢትዮጵያ ዓይነ ስውር የሚያደርገውን ኦንኮሰርካን ለመከላከል በዘመቻ የሚታደለው አይቨርሜክቲን ያጠፋዋል። ታካሚው የትና እንዴት እንዳደገ ለሐኪሙ መንገሩ ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችላል።

የመከላከል አቅሙ በተዳከመ ሰው ላይ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳትም ሊከሰት ስለሚችል፣ ድካም፣ የሆድ ሕመም ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ብቻውን ወደ ሐኪም ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው። እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ያሉ፣ ሕያው ቫይረስ ያለባቸው ክትባቶች የሚያስፈልጉ ከሆነ ከንቅለ ተከላው በፊት መሰጠት አለባቸው፤ የጉንፋን መርፌና የሳንባ ምች ክትባት ግን ከዚያም በኋላ ይሰጣሉ። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት ከገበታ ይወጣሉ። መድኃኒትን በራስ ፈቃድ መቀነስ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ መጨመር ሁለቱም ጉበቱን ለአደጋ ይዳርጋሉ፤ ልኩ የሚወሰነው በየጊዜው በሚደረግ የደም ምርመራ ነው።