የአየር ፍሬን አጀስተር፦ ፔዳሉን አትመኑ፣ ለኩ

በዚህ ጽሑፍ በጁባና በአካባቢዋ የከባድ መኪና ረዳትነትም ሆነ የጋራዥ ሥራ ለምትማሩ ሁሉ ስለ ፍሬን አጀስተር ጥቂት እንላለን።

ከጁባ እስከ ኒሙሌ ድንበር ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. አስፋልት ሆኖ ተመርቋል። መንገዱ ሲለሰልስ ፍጥነት ይጨምራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ከፍሬን የሚጠበቀው ይበዛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ አየር ወደ ቻምበሩ ገብቶ ዘንጉን ወደ ውጭ ይገፋል። ዘንጉ አጀስተሩን፣ አጀስተሩ ደግሞ ኤስ ካሙን ያዞራል። ካሙ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። ሸራው ባለቀ ቁጥር ክፍተቱ ስለሚሰፋ ዘንጉ ብዙ መጓዝ አለበት። አጀስተር የተሠራው ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? በትንሽ መኪና ፍሬን ሲላላ ፔዳሉ ወደ ታች ስለሚወርድ ሾፌሩ ቶሎ ያውቃል። የአየር ፍሬን ፔዳል ግን አየር ብቻ ስለሚከፍት ምንም አይናገርም። ባዶው መኪና ከተማ ውስጥ ደህና ይቆማል። ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ ግን ታምቡሩ ግሎ ይሰፋል፣ ዘንጉም ጫፉ ላይ ደርሶ ይቆማል። ያኔ ቢረግጡት ምን ዋጋ አለው? ዓባይ በረሃን በከባድ መኪና የወረደ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል።

ስለዚህ እንለካ፦

1. መኪናውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ። ያለ ታኮ ከሥር መግባት ክልክል ነው።
2. አየሩ ከ90 እስከ 100 ፒኤስአይ ሲደርስ ሞተር አጥፉ፤ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ።
3. ዘንጉ ከቻምበሩ በሚወጣበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ።
4. ጓደኛችሁ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጥ። ምልክቱ የተጓዘውን ርቀት ለኩ።

በብዙ መኪና ላይ ያለው ታይፕ 30 መደበኛ ቻምበር ከሆነ ርቀቱ ከ51 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። የግራና የቀኙም ይመሳሰል፤ አለዚያ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል።

በእጅ የሚስተካከል አጀስተር ከሆነ መቆለፊያውን በቁልፍ ወደ ውስጥ ተጭናችሁ ቡሎኑን አዙሩ። ካሙ ፍሬን ሲያዝ በሚዞርበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ሸራው ታምቡሩን ሲነካ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር መልሱት። መቆለፊያው ወደ ቦታው መመለሱን እዩ፤ ካልተመለሰ ቡሎኑ በመንገድ ላይ ይላላል። ከዚያ እንደገና ለኩ።

አውቶማቲክ አጀስተር ግን ሌላ ነው። ራሱን ማጥበብ ካቃተው አንድ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያለቀ ቡሽ፣ የደረቀ ግራሶ ወይም የሞተ አጀስተር ሊሆን ይችላል። በቁልፍ ብታጠብቁት ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ በሽታው ግን ተደብቆ ይቆያል። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ሰው የሞተበት የገልባጭ መኪና አደጋ ሲመረመር የተገኘው ይኸው ነበር፤ አውቶማቲኩን በእጅ እያጠበቁ ዋናውን ብልሽት አልጠገኑትም።

ግራሶ በወቅቱ ስጡ፣ ከጭቃና ከአቧራ መንገድ በኋላም አጽዱ። ከጉዞ በፊት ለመለካት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሾፌሩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

መልካም መንገድ!